የጠሯቸው ምስክሮች የመሰከሩት ለእኔ ነው

ሰሞኑን አንድ የሮክ አድናቂ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን የጻፉትን ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ እያሰመርኩ። ሰውየው ሮክ እንደሚወዱ ያስታውቃሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ባገኝ ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ ብናድር ደስ ይለኛል። የጻፉት ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ መልስ ልስጥ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። እውነተኛው ሮክ በ1980 አብቅቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጊታር በወጉ መጫወት የማይችል ሰው ሙዚቀኛ አይባልም። ሮክን የገደሉት ማሽንና ራፕ ናቸው። ስለ ሮክ ከተሠሩ ፊልሞች ቁንጮው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ነው። ቴሌቪዥን ለሙዚቃ መርዝ ነው። ሙዚቃ በትክክል የሚሰማው ደግሞ በሸክላ ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ምስክር አድርገው የሚጠሩት ሦስት ባንዶችን ነው፦ ሌድ ዜፕሊንን፣ ብላክ ሳባዝንና ክዊንን።

ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። እነዚህ ባንዶች ጸሐፊው ያወጧቸውን ሕጎች አንድ በአንድ የጣሱ ናቸው። ቢጠየቁ የሚመሰክሩት ለእሳቸው አይደለም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሮክ ያበቃው የሌድ ዜፕሊኑ ከበሮ መቺ ጆን ቦናም በሞተበት ቀን ነው ይላሉ። ቦናም የሞተው ሴፕቴምበር 25 ቀን 1980 ነው። ገና 32 ዓመቱ ነበር። ሐዘናቸው ይገባኛል። እንደ እሱ ከበሮ የሚመታ ሰው እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለውን የዜፕሊን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ማታ፣ መብራት አጥፍቼ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ከበሮው ብቻውን ይገባል። ሌላ ምንም የለም። እያንዳንዱ ምት ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ ደግሞ ደረትህ ላይ ነው የሚያርፈው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ያ ድምፅ እንዴት ተገኘ? ባንዱ በ1971 የወጣውን አራተኛ አልበሙን ሲያዘጋጅ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ የእንግሊዝ ገጠር ቤት ውስጥ ነበር። ከበሮውን መግቢያው አዳራሽ፣ ደረጃው ሥር አስቀመጡት። ማይክራፎኖቹን ከላይ፣ ከደረጃው ላይ አንጠለጠሏቸው። ከበሮው አጠገብ የተደቀነ ማይክራፎን አልነበረም። ስለዚህ የምንሰማው ቦናምን ብቻ አይደለም። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ባዶውን ቤት ጭምር ነው የምንሰማው።

እንግዲህ ይህ ምት በ1980 ሞቷል ወይ? በ1986 ቢስቲ ቦይስ የተባሉ ሦስት የኒውዮርክ ራፐሮች የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን የሚጀምረው በዚሁ በቦናም ከበሮ ነው። ከዜፕሊን ሸክላ ላይ ቆርጠው፣ እየደጋገሙ፣ ግጥማቸውን ከላዩ አወረዱበት። ቦናም ካረፈ ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዜፕሊን የሚባል ባንድ መኖሩን የማያውቅ ልጅ በቦናም ምት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር። ጸሐፊው ገዳይ ያሉት ራፕ የቦናምን ከበሮ ተሸክሞ ወደ አዲስ ሰፈር ያስገባው ነው።

ከ1980 በኋላ የወጣውን ሁሉ አልዘረዝርም። ሜታሊካ፣ ኒርቫና እያልኩ ብቆጥር ጸሐፊው ያውቋቸዋል፤ ሰምተው አልወደዷቸውም፤ መብታቸው ነው። አንድ ሰው ብቻ ልጥራላቸው። ምዱ ሞክታር ይባላል። የኒጀር ቱዋሬግ ነው፤ የሰሃራ በረሃ ሕዝብ ወገን። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ሙዚቃን ስለማይደግፍ ጊታር የሚገዛለት አልነበረም። ስለዚህ ራሱ ሠራ። ክር ያደረገው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ዛሬ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ፣ በግራ እጁ እየመታ፣ በሕዝቡ ቋንቋ በታማሼክ እየዘፈነ ዓለምን ይዞራል። በ2021 ያወጣውን «አፍሪክ ቪክቲም» የተሰኘ አልበም ጸሐፊው አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርገው ይስሙት። ከዚያ በኋላም ሮክ ሞቷል ካሉኝ እንነጋገር።

ሁለተኛው ነጥባቸው ችሎታ ነው። ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ያልተወሳሰበ የሮክ ዓይነት ሦስት ኮርድ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ጫጫታ ብለው ያልፉታል። ጣቱ ያልፈጠነ፣ በወጉ ያልተማረ ሰው ሙዚቀኛ አይደለም ባይ ናቸው። ለዚህ ምስክር የሚያደርጉት የብላክ ሳባዙን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን ነው።

የአዮሚን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ካለ እነሆ። በርሚንግሃም ከተማ ብረት የሚቆርጥ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። 17 ዓመቱ ነው። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ ነው፤ የተቆረጠውም ክሮቹን የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነው። ጊታሩን እርሳው ተባለ። ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ሲቀመጥ የፋብሪካው ኃላፊ መጥቶ አንድ ሸክላ አሰማው። የጃንጎ ራይንሃርት ነበር፤ በእሳት አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጥቅም ያጣ፣ በቀሩት ጣቶቹ ግን ከጃዝ ጊታሪስቶች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሰው።

አዮሚ ተነሳ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ጫፉ ላይ ቆዳ ለጠፈበት። ወፍራም ክር ሲያሳምመው ቀጫጭን ክር ፈለገ። ቆየት ብሎም ክሮቹን አላላቸው፤ ድምፁ ወደ ታች ወረደ። ያ ክብደት፣ ያ ጨለማ፣ ጸሐፊው እውነተኛ ሮክ የሚሉት ያ ድምፅ እንዲህ ከተጎዳ እጅ ነው የወጣው። የመጀመሪያ አልበማቸውንም አብዛኛውን በአንድ ቀን ቀርጸው ነው የጨረሱት። በጸሐፊው መለኪያ አዮሚ ፈተናውን ይወድቅ ነበር። እኔ ደግሞ ያለ አዮሚ ሄቪ ሜታል የሚባል ነገር ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

በ1964 የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀደደው። ጥራት ያለው ድምፅ ሰልችቶት፣ የሚሻክር ድምፅ ፈልጎ። ዛሬ አንድ ጀማሪ ልጅ የጊታሩን ድምፅ ለማሻከር በእግሩ የሚረግጣት ትንሽ ሳጥን አለች። እንግዲህ ሮክ ሲወለድም ችሎታ ማለት በወጉ መጫወት ብቻ አልነበረም።

ስለ ፓንክም አንድ ነገር ልበል። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም በ1976 ወጣ። 14 ዘፈን አለው፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጆኒ ራሞን ጊታሩን የሚመታው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት፣ ሳያርፍ፣ ዘፈን በዘፈን ላይ። ጊታር ያለው ሰው አንድ ዘፈን ሙሉ እንዲህ ይሞክር፤ የእጁ አንጓ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነግረዋል። ቀላል መምሰልና ቀላል መሆን ይለያያሉ።

ሦስተኛው ነጥብ የማሽን ጉዳይ ነው። ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ሙዚቃ አይደለም፣ የድራም ማሽን ደግሞ ስድብ ነው ይላሉ። ምስክራቸው ክዊን ነው። እውነት ነው፤ ክዊን በሰባዎቹ ባወጧቸው አልበሞች ሽፋን ላይ ሲንተሳይዘር እንዳልተጠቀሙ ይጽፉ ነበር። ጸሐፊው ይህን በኩራት ጠቅሰዋል። ያልጠቀሱት የሚቀጥለውን ነው። በ1980 በወጣው «ዘ ጌም» አልበም ክዊን ራሳቸው ሲንተሳይዘር አስገቡ። በ1984 ደግሞ «ሬዲዮ ጋ ጋ» መጣ። የጻፈው ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ነው። የተሠራው በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ነው። ከበሮ መቺው ራሱ!

ያ ዘፈን ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ዌምብሊ ስታዲየም፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት። ከ70 ሺህ በላይ ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ በአንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ጸሐፊው ይህን ቅጽበት የሮክ ታላቁ ቅጽበት ብለው ጽፈዋል። እኔም እስማማለሁ። እጆቹ የተነሱት ግን ለጊታር ሶሎ አልነበረም። የተነሱት በማሽን ለተሠራ ዘፈን ነው።

ስለ ራፕ ከላይ ብያለሁ፤ ትንሽ ልጨምር። በ1986 ራን ዲ.ኤም.ሲ. የኤሮስሚዝን የ1975 ዘፈን «ዎክ ዚስ ዌይ»ን ከኤሮስሚዞቹ ከስቲቨን ታይለርና ከጆ ፔሪ ጋር አብረው ሠሩት። ቪዲዮው ላይ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሆነው ይጣላሉ። ታይለር ግድግዳውን በማይክራፎኑ መቆሚያ ይሰብረዋል። ያኔ ኤሮስሚዝ ስማቸው የደበዘዘበት ጊዜ ነበር። ያነሷቸው ራፐሮቹ ናቸው። ራፕ የሰው ዜማ ይሰርቃል ለሚለው ክስ ደግሞ ዜፕሊን ራሳቸው መልስ ይሆናሉ። «ሆል ሎታ ላቭ» የተሰኘው ዘፈናቸው ከብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ግጥም ብዙ ስለወሰደ ዲክሰን ከሷቸው፣ በስምምነት ነው ያለቀው። ዛሬ ስሙ ከደራሲዎቹ ተርታ ሰፍሯል። ይህን የማነሳው ዜፕሊንን ለማሳጣት አይደለም። ሮክ ከተፈጠረ ጀምሮ ከሌላው እየቀዳ ነው የኖረው። ባለውለታን በስሙ መጥራት ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ወደ ፊልሙ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ክፍል ነው።

«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በ2018 ወጣ። አራት ኦስካር ወሰደ። ራሚ ማሌክ የክዊኑን ዘፋኝ የፍሬዲ መርኩሪን አካሄድ፣ አንገት፣ ዓይን ሁሉ አጥንቶ ተጫውቷል። ሽልማቱ ይገባዋል። ብዙ ወጣቶች ክዊንን ያወቁት በዚህ ፊልም ነው፤ ይህም መልካም ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ከሮክ ፊልሞች ሁሉ እውነተኛው ነው ሲሉ እርሳሴ ወረቀቱን ሊቀደው ደረሰ።

ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ፣ ተኳርፎ፣ ለላይቭ ኤይድ ሲል እንደታረቀ ያሳያል። እውነታው ይህ አይደለም። ክዊን በፌብሩዋሪ 1984 አዲስ አልበም አወጡ። ያንኑ አልበም ይዘው ዓለምን ዞሩ። በጃንዋሪ 1985 ብራዚል ውስጥ በሮክ ኢን ሪዮ መድረክ ላይ ነበሩ። ከላይቭ ኤይድ በፊት ስድስት ወር ማለት ነው። የተበተነ ባንድ አልነበረም። በሥራ የጋለ ባንድ ነበር።

የሚብሰው ግን ሌላው ነው። ፊልሙ ላይ ፍሬዲ ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ከላይቭ ኤይድ በፊት ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። እነሱም ያለቅሳሉ፤ ከዚያ መድረክ ይወጣሉ። ተመልካቹ ያንን መድረክ የሚያየው የሚሞት ሰው ስንብት አድርጎ ነው። ነገር ግን ፍሬዲ መታመሙን ያወቀው በ1987 እንደሆነ የሕይወት አጋሩ ጂም ሃተን ጽፏል። ከላይቭ ኤይድ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ፊልም ነው፣ ትንሽ መቀያየር ያለ ነው የሚል ይኖራል። አውቃለሁ። ሁለት ሰዎችን አንድ ገጸ ባሕርይ ማድረግ፣ የሁለት ዓመት ነገር በአንድ ትዕይንት ማሳየት የተለመደ ነው። ይህኛው ግን ትርጉሙን ነው የቀየረው። እውነተኛውን ቀረጻ ተመልከቱ። 21 ደቂቃ ገደማ ነው። ፍሬዲ በሩጫ ይገባል። ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ ወዲያው ይነሳል። የማይክራፎኑን ግማሽ ዘንግ ይዞ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ሙዚቃውን አቁሞ ሕዝቡን ያስጮኻል፤ እሱ አንድ ድምፅ ያወጣል፣ ስታዲየሙ ይመልስለታል። ፊቱ ላይ ሐዘን የለም። ደስ ብሎታል! ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ በሚገባ ተለማምዶ፣ ከሚያምናቸው ጓደኞቹ ጋር ቆሞ የሚወደውን ሲሠራ ነው የምናየው። ፊልሙ ይህን ደስታ ወስዶ በበሽታ ተካው። የአንድ ሰው ጉብዝና በጉብዝናነቱ ብቻ አይበቃም ወይ? ለምን ሞት ይጨመርበታል? ይህ ነው ያናደደኝ።

ጸሐፊው የሮክ ፊልም ሲባል የሙዚቀኛ ታሪክ ብቻ ይመስላቸዋል። በጽሑፋቸው ውስጥ አንድም የኮንሰርት ፊልም አልተጠቀሰም። «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ»ን አይተውት ቢሆን ኖሮ ደረጃውን ሌላ ያደርጉት ነበር ብዬ አስባለሁ። ጆናታን ዴሚ በዲሴምበር 1983 ሆሊውድ በሚገኝ ቲያትር ቤት ውስጥ የቶኪንግ ሄድስን ኮንሰርት ቀረጸ። ፊልሙ በ1984 ወጣ።

አጀማመሩን ልንገራችሁ። መድረኩ ባዶ ነው። መጋረጃ የለም፣ ያጌጠ ነገር የለም። መጀመሪያ የምናየው እግር ነው። ነጭ ጫማ ያደረገ እግር ይራመዳል። የባንዱ ዘፋኝ ዴቪድ በርን ነው። ቴፑን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ምት መጣ። ጊታሩን ይዞ ብቻውን አንድ ዘፈን ይጫወታል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ቲና ዌይማውዝ ትጨመራለች። ከኋላ ሠራተኞች ከበሮ የተጫነበትን ሰገነት እየገፉ ያስገባሉ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮ መቺው። አራተኛው ላይ ሌላው ጊታሪስት። እንዲህ እያለ መድረኩ ይሞላል። ባንድ ማለት ምን እንደሆነ በዓይንህ እያየህ ይገነባል። ማንም መጥቶ ምንም አያብራራም፤ ቃለ መጠይቅ የለም። ተመልካቹን እንኳ ካሜራው የሚያሳየን ወደ መጨረሻው ነው፤ እስከዚያ ተመልካቹ አንተ ነህ።

ሌላም አለ። ቅድም ያነሳሁት ምዱ ሞክታር በ2015 አንድ ፊልም ላይ ተጫውቷል። የፕሪንስን የ1984 ፊልም «ፐርፕል ሬይን»ን መነሻ አድርጎ በሰሃራ በረሃ፣ በታማሼክ ቋንቋ የተሠራ ነው። ቋንቋው ለሐምራዊ ቀለም ቃል ስለሌለው የፊልሙ ርዕስ «ትንሽ ቀይ ያለበት ሰማያዊ ዝናብ» ሆነ። ይህን ርዕስ ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። የሚኒያፖሊስ ጊታሪስት ታሪክ በረሃ ደርሶ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ፣ ሌላ ስም አገኘ። ጸሐፊው ሞቷል ያሉት ነገር እንዲህ ነው የሚጓዘው።

ቴሌቪዥን መርዝ ነው ለሚለው ክስ የሚያቀርቡት ማስረጃ ኦገስት 1 ቀን 1981 የተከፈተው የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያ ኤም ቲቪ ነው። ከዚያ ወዲህ መልክ እንጂ ድምፅ አይታይም ይላሉ። ኤም ቲቪን መክሰስ ከፈለጉ ከዚህ የከበደ ክስ ነበራቸው፤ በመጀመሪያ ዓመታቱ የጥቁር ሙዚቀኞችን ቪዲዮ እምብዛም አያሳይም ነበር። ዴቪድ ቦዊ በ1983 እዚያው ጣቢያ ላይ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ለምን ብሎ ጠያቂውን ፊት ለፊት ጠይቆታል። ይህን ቢያነሱ አብሬያቸው እቆም ነበር። ነገር ግን ቴሌቪዥን በሞላ መርዝ ነው ማለት ልክ አይደለም። ቢትልስ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ኤድ ሰሊቫን ሾው ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቷቸዋል። ያን ማታ አይተው ጊታር ግዙልኝ ብለው ያለቀሱ ልጆች ናቸው ጸሐፊው የሚያመልኳቸውን የሰባዎቹን የአሜሪካ ባንዶች ያቋቋሙት።

በዚያው ዓመት፣ በ1964፣ ማንችስተር ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተዘጋ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የብሉዝና የጎስፔል (የመንፈሳዊ መዝሙር) ዝግጅት ቀረጸ። ተመልካቹ በአንደኛው የሐዲድ ወገን ተቀምጧል። መድረኩ ከሐዲዱ ማዶ ነው። ዝናብ እየዘነበ ነው። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በፈረስ ጋሪ ትመጣለች። ነጭ ካፖርት ለብሳለች። ጸጉሯ በወጉ ተሠርቷል። ኤሌክትሪክ ጊታሯን አንገቷ ላይ ታደርግና ስለ ዝናብ የሚናገር የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ትጀምራለች። ከዚያ ሶሎ ትመታለች። በእርጥብ መሬት ላይ፣ እየሳቀች። ይህች ሴት ኤልቪስ የመጀመሪያ ሸክላውን ከማውጣቱ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1944፣ ብዙዎች የሮክ መነሻ የሚሉትን ዘፈን ያስቀረጸች ናት። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የገባችው በ2018 ነው። ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ። ያንን ቀን ቴሌቪዥን ባይቀርጸው ምን ይቀረን ነበር?

በነገራችን ላይ፣ በጸሐፊው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ የአንዲት ሴት ስም አልተነሳም። ሁለተኛ ሳነብ በእርሳስ የፈለግኩት ይህንን ነበር።

ኤም ቲቪም ቢሆን አንድ ነገር ሰጥቶናል። ኖቬምበር 18 ቀን 1993 ኒርቫና «አንፕላግድ» በተባለው የጣቢያው ዝግጅት ላይ ተጫወቱ። የባንዱ ዘፋኝ ከርት ኮቤይን አበባና ሻማ ይደረግልኝ ብሎ ነበር፤ መድረኩ የሐዘን ቤት መሰለ። ሁሉም የሚጠብቀውን ትልቁን ዘፈናቸውን አልተጫወቱትም። ይልቅ የሌሎችን ዘፈን አበዙ፤ ከ14ቱ ስድስቱ የሌሎች ናቸው። የመጨረሻው ሊድ ቤሊ ያዜመው የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው። መጨረሻው አካባቢ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከዚያ ያቆማል። ዓይኑን ይገልጣል። ትንፋሽ ይስባል። ከዚያ ይጨርሰዋል። ያቺን ትንፋሽ ሸክላ ላይ ልትሰማት ትችላለህ። ዓይኑን ግን የምታየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው።

ጸሐፊው በተለይ ያዘኑት የድሮ ዘፈኖች በተከታታይ ድራማ ውስጥ ገብተው ረከሱ ብለው ነው። «ስትሬንጀር ቲንግስ»ን በስም ጠቅሰዋል። የኬት ቡሽ «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» በ1985 ሲወጣ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ደርሶ ነበር። በ2022 ድራማው ላይ ከተሰማ በኋላ አንደኛ ወጣ። በ37 ዓመቱ። የሜታሊካ የ1986 ዘፈንም በዚሁ ድራማ ምክንያት ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። የእህቴ ልጅ ያኔ ሮጣ መጥታ «አጎቴ፣ ይህንን ዘፈን ታውቀዋለህ?» ስትለኝ ልቤ ሞላ። አብረን ሙሉውን አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ስልኳን አስቀምጣ ነበር። ዘፈን የሚረክሰው ማንም ሳይሰማው ሲቀር ነው።

ቴሌቪዥን ሙዚቃ እንዴት እንደሚወለድ ሊያሳይ አይችልም ለሚሉት ደግሞ ፒተር ጃክሰን በ2021 ያቀረበው ስለ ቢትልስ የተሠራው ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም አለ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ የተቀረጸው በጃንዋሪ 1969 ነው። ጆን አርፍዷል። ፖል ማካርትኒ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቤዙን እንደ ጊታር እየመታ ቃል የሌለው ነገር ያጉተመትማል። ጆርጅ ያዛጋል። ሪንጎ ያያል። ፖል ይደጋግማል። ሁለት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ «ጌት ባክ» የሚለው ዜማ ክፍሉ ውስጥ አለ። ሪንጎ ያጨበጭባል። ጆርጅ ጊታሩን ያነሳል። ይህንን መጀመሪያ ሳይ ወደ ኋላ መልሼ ሦስት ጊዜ አየሁት። የት ላይ ነው የተወለደው? አሁንም ቅጽበቱን ለይቼ አላገኘሁትም።

የቀረው የሸክላ ነገር ነው፤ ብዙ አልልበትም። ሸክላ እወዳለሁ። ግን ድምፅን የሚያበላሸው ዲጂታል መሆኑ አይደለም። በ2008 የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» ሲወጣ አድናቂዎች ድምፁ ከልክ በላይ ጮኾ ተጨፍልቋል ብለው ቅር ተሰኙ። «ጊታር ሂሮ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ የገባው የዚያው አልበም ቅጂ ግን የተሻለ ነበር። ሁለቱም ዲጂታል ናቸው። ልዩነቱ ያዘጋጀው ሰው እጅ ላይ ነው።

ጸሐፊው የዜፕሊንን አራተኛ አልበም በሸክላ እንዳላቸው ጽፈዋል። እንግዲያው አንድ ነገር ልለምናቸው። ያውጡት። ሁለተኛውን ገጽ ይገልብጡና የመጨረሻውን ዘፈን የደራሲዎች ስም ያንብቡ። ያ የቦናም ከበሮ ያለበት ዘፈን ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው በ1929 ነው፤ በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ስላፈናቀለበት ጎርፍ። የተጫወቱት ባልና ሚስት ነበሩ። በስሞቹ ዝርዝር ውስጥ አራቱ የዜፕሊን ልጆች ናቸው። አምስተኛዋ ሜምፊስ ሚኒ ትባላለች። ጊታሪስት ነበረች።